አባዬን ለመለሳችሁልኝ ሰዎች

ይሄን የምጽፈው አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቡናውን እየጠጣ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እንዲህ ብዬ የምጽፍበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ተመስገን። ስማችሁን እንኳ በቅጡ ሳልጠይቅ የተለየኋችሁ ሰዎች ደግሞ ይሄ ጽሑፍ ይድረሳችሁ። ያየ ያድርስልኝ።

አባዬ 67 ዓመቱ ነው። ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቅዳሜ ጅማ ውስጥ አይገኝም። በአዲስ አበባ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ አሰንዳቦ ይወርድና ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ያቀናል። መንጠቆ፣ የናይለን ክር፣ በጣሳ የተያዘ የመሬት ትል፣ በቃ። ቆሮሶ ከቀናው ፊቱ ይበራል፣ አምባዛ ከያዘ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ያወራዋል። የዛን ቅዳሜ እኔም አብሬው ሄድኩ።

የካቲት ነበር። ፀሐይዋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ታቃጥላለች፣ ግን ከውሃው በኩል ነፋስ ስለሚመጣ ሙቀቱ አይታወቅም። እኛ ወይና ደጋ ለመድን የምንል ሰዎች ደግሞ አየሩ ቀዝቀዝ ካለ ፀሐይ የማትጎዳን ይመስለናል። እንደውም ከፍ ባልን ቁጥር ጨረሩ ይብሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጅማ ራሷ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ከታች ደግሞ ውሃው ያንጸባርቃል። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው።

7 ሰዓት ገደማ አባዬ ትል መንጠቆው ላይ ሊሰካ ሲሞክር አየሁት። ሳተው። ደግሞ ሳተው። ለሦስተኛ ጊዜም ሳተው። አርባ ዓመት የለመደ እጅ እኮ ነው! ደክሞት ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያቺ ዝምታ ናት። ትንሽ ቆይቶ "ኮፍያዬን አምጪልኝ" አለኝ። ኮፍያው ጭንቅላቱ ላይ ነው። "አባዬ አድርገኸዋል እኮ" ስለው እንደማያውቀኝ ሰው አየኝና ጉልበቱ ከዳው። ግንባሩን ስነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል።

ጮህኩ። መረብ ሲያወጡ የነበሩት ልጆች ሥራቸውን ጥለው ሮጡ። እናንተ ልጆች፣ ያን ቀን መረባችሁ ውስጥ የነበረው ዓሣ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኳችሁም። አባቴን ተሸክማችሁ ዛፍ ጥላ ሥር ያደረሳችሁበትን ፍጥነት መቼም አልረሳውም።

እኔ "መኪና! መኪና!" እያልኩ ነበር። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ፣ እርስዎን ነው የምለው አባቴ፣ "ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንጠይቅ" ብለው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደወሉ። ስልኩ በስፒከር ነበር፣ ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። "መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዛ አምጡት። ሸሚዙን አውልቁ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አርግቡት። ነፍሱን እስኪያውቅ በአፉ ምንም እንዳትሰጡት።" አንድ ሰው ውሃ ሊያጠጣው ኩባያ ይዞ ቀርቦ ነበር። ራሱን ያላወቀ ሰው ውሃው ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል፣ እኔ አላውቅም ነበር። እህቴ፣ አንቺን በአካል አላየሁሽም፣ ግን አባቴ በሕይወት ያለው በአንቺ ነው።

ሻይ የሚሸጡት እናቴ ደግሞ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ አውርደው ቢጫው ጀሪካን ውስጥ ነከሩና ደረቱ ላይ ዘረጉት። ከዛ ሰፌዳቸውን አንስተው ማርገብገብ ጀመሩ። ቆሎው የትም ተበተነ። ነጠላው በሞቀ ቁጥር ያነሱታል፣ ይነክሩታል፣ ይመልሱታል። ግማሽ ሰዓት ይሆናል እጃቸው አላረፈም። አባዬ ዓይኑን ገልጦ በስሜ ሲጠራኝ እሳቸው ናቸው ቀድመው ያለቀሱት።

የባጃጁ ወንድሜ፣ የጎኑን ሸራ ጠቅልለህ ነፋስ እንዲገባ ያደረግከው ማን ነግሮህ ነው? ብርም አልቀበልም አልክ። እግዜር ይስጥህ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሙቀቱ 38.9 ነበር። ነርሱ ነጠላውን አይቶ "ይሄ ሙቀት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው?" አለ። 40 እና ከዛ በላይ ሆኖ አእምሮ ከሳተ የሙቀት ምት ነው፣ ኩላሊትም አንጎልም ይጎዳል፣ ከመጫናችሁ በፊት ማቀዝቀዛችሁ ነው ያተረፈው አለን። ግሉኮስ ተክለው በአምቡላንስ ወደ ጅማ ላኩን። ሆስፒታል ሦስት ሌሊት አደርን። ኩላሊቱ ደህና ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለሱ የነበራችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ክበሩልኝ።

ሐኪሟ ያለችኝን አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም አባት ያለው ሁሉ ሊሰማው ይገባል። አባዬ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳል። በዚህ ላይ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጥማት ቶሎ አይሰማውም፣ ላቡም ይቀንሳል። "አልጠማኝም" ሲል እውነቱን ነው፣ ሰውነቱ ግን ደርቋል። ኪኒኑን በራሳችሁ እንዳታስቆሙ፣ ሐኪሙን ጠይቁ። ጫት ይዘው የሚወጡም አሉ፤ እሱም ልብን ያስሮጣል፣ የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል፣ ከፀሐይ ጋር አይሆንም።

አሁን ቤታችን ሕግ ወጥቷል። አባዬ ንጋት 12 ሰዓት ውሃው ዳር ይደርሳል፣ 4 ሰዓት ላይ ክሩን ይጠቀልላል። ኬፑ ቀርቶ ጆሮና ማጅራት የሚሸፍን ሰፊ ባርኔጣ ገዛሁለት። ሸሚዙ ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ እጅጌው ረጅም ጥጥ ነው። ውሃ ሳይጠማው በየሃያ ደቂቃው ይጎነጫል፣ ስልኩ ላይ ደወል ሞልቼለታለሁ። አንድ ፓኬት ለምለም የሚባለው ኦአርኤስም ኪሱ ውስጥ አለ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ የሚሆነው። ውሃው ውስጥ በባዶ እግሩ አይገባም፣ ቢልሃርዚያ አለና። አምሽቶም አይቆይም፣ ለወባ ትንኝ። ከሁሉም በላይ ግን ብቻውን አይሄድም። እሱ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ትናንት ግን ባርኔጣውን አድርጎ መስታወት ፊት ሲቆም አይቼዋለሁ።

ሁላችሁንም፣ ገለቶማ። ከልቤ ነው።

ሻይ የሚሸጡት እናቴ፣ ነጠላዎ አብሮን ጅማ ድረስ መጥቷል። አጥቤ፣ ተኩሼ አጣጥፌዋለሁ። ለተበተነው ቆሎም አንድ ቁና ገብስ ቆልቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ራሱ ይዞልዎት ይመጣል፣ እኔም አብሬው ነኝ።