ለቅዳሜው የእንጦጦ ፎቶ፦ ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም

ጤና ይስጥልን ውድ አባላት፣

ቅዳሜ የልጆቹን ፎቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ብንጀምር ይሻላል። ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ አናት ትወጣለች። የልጆቹ ዓይን ሥር ይጠቁራል፤ ፊታቸውንም ያጨማድዳሉ። ያኔ ጥላ ዳር እናቁማቸው፣ ፊታቸው ወደ ክፍቱ ሰማይ ዞሮ።

የጥላ ጣጣው ቀለሙ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል) ገደማ ነው። ጥላ ግን ብርሃኑን ከሰማያዊው ሰማይ ስለሚቀበል 7000ን ያልፋል። የካሜራውን ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያ) በፀሐይ ምልክቱ ላይ ከተዋችሁት ጠይም ፊት አመድ ይመስላል። ባሕር ዛፍ ሥርና ሣር ላይ ደግሞ አረንጓዴ ይጨመርበታል። ይህን ኬልቪን ብቻውን አያስተካክለውም፤ ቲንቱን (የአረንጓዴና የማጀንታ ማስተካከያውን) ወደ ማጀንታ፣ ማለትም ወደ ሐምራዊ ሮዝ፣ መግፋት ያስፈልጋል። ካሜራው ራሱ ቀለሙን የሚመርጥበትን አውቶ ዋይት ባላንስን እኔ ብዙም አላምነውም፣ በየፎቶው ይቀያየራል። ግራጫ ካርድ (ቀለሙን በትክክል ለማስተካከል የሚያገለግል) ያላችሁ አምጡ። ልጁ ራሱ ይያዘው፣ ጨዋታ ይመስለዋል። በRAW (ሮው፣ ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አንሱ።

የሐበሻ ልብስ የለበሱ ልጆች ካሉ ብርሃኑን ከፊታቸው ለኩ፤ ነጩ በብርሃን ብዛት እንዳይቃጠል ግን ሂስቶግራሙን (በካሜራው ላይ የሚታየውን የብርሃን ግራፍ) እዩ። የሹተር ፍጥነቱ ከ1/500 ሰከንድ አይውረድ፣ ልጅ መቼ ይቆማል! ወላጅ ሳይፈቅድ ደግሞ ምንም ፎቶ አይለጠፍም።