ለአባባ፣ ስለ አንድ ንጉሥ

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የደም ግፊቱን ኪኒን ትተውታል ሲሉ ሰማሁ። ደህና ስለሆንኩ ነው ብለው ከሆነ፣ ደህና የሆኑት እኮ በእሱ ነው። እባክዎ አይተዉት።

እኛ ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው። ሰሞኑን በበረዶው ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ አንድ ወፍራም የፋንታሲ ልብ ወለድ ይዛ ከረመች። ካላነበብሽው ብላ እኔንም አስጀመረችኝ። «ችልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ። ደራሲዋ ቶሚ አዴየሚ የናይጄሪያውያን ልጅ ናት፤ አማልክቱን ከዮሩባ እምነት ነው ያመጣቻቸው።

የነገሥታት ታሪክ ስለሚወዱ ልንገርዎ። ንጉሥ ሳራን አስማት ያላቸውን ሰዎች አስፈጅቷል። እናቷ የተገደለችባት ዜሊ አስማቱን ልትመልስ ትነሳለች። የንጉሡ ልጅ አማሪ ከቤተ መንግሥት ጠፍታ አብራት ትሄዳለች። አልጋ ወራሹ ኢናን፣ የአማሪ ወንድም፣ ያሳድዳቸዋል።

አማሪን ወደድኳት። ፈሪ ናት፤ ድፍረቷ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ያሳምናል። የዜሊም ኀዘን እውነተኛ ነው። ፍቅሩን ግን አላመንኩትም። ዜሊና ኢናን ሊገዳደሉ ሲፈላለጉ ቆይተው በአንዴ ይዋደዳሉ። ሦስቱ እየተፈራረቁ ሲተርኩም ድምፃቸው ይመሳሰላል፤ የምዕራፉን ርእስ ካላየሁ ማን እንደሚናገር ይጠፋኝ ነበር። የልጅ ልጅዎ በዚህ አትስማማም፤ ተጨቃጭቀናል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ማንበብ አቃተኝ። ንጉሡ ሁለቱን ልጆቹን ገና ሕፃናት ሳሉ ሰይፍ አስይዞ ያጋጥማቸዋል። ኢናን የእህቱን ጀርባ ይቆርጣል። ጠባሳው አብሯት አደገ።

አባባ፣ ያንን የሰርተፊኬት ቀን ያስታውሱታል? እንግዶቹ ፊት እኔንና ወንድሜን አቆሙን። እኔን ሸለሙኝ፤ እሱን «ከሴት አነስህ» አሉት። ለእኔ ትምህርት ብለው የሸጡትን አልረሳሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከዚያ ወዲያ ወንድም አልነበረኝም። ከቤት የወጣው ዘግይቶ ነው፤ መውጣት የጀመረው ግን ያን ቀን ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ደግሞ ይኼ ነው፦ ንጉሡ አንድም ምዕራፍ የለውም። የመጀመሪያ ቤተሰቡን አስማተኞች እንደጨረሱበት በጨረፍታ ይነገረናል፣ ከዚያ ይታለፋል። ልጆቹን ሲያይ ምን ነበር የሚፈራው? የገዛ ልጁ እስክትገድለው ድረስ ማንም አልጠየቀውም።

እኔ እርስዎን መጠየቅ እፈልጋለሁ። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ብለው ይዘጉብኛል፣ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ያን ቀን ምን አስበው ነበር? ጊዜ ያለን እየመሰለን እንዳይቀር ፈራሁ።

ወንድሜ ስልኩን አልቀየረም። ይደውሉለት። ካልቻሉ ለፋሲካ መጥቼ አዳማ አብረን እንሄዳለን፤ መንገዱን ይችሉት እንደሆን ብቻ ሐኪምዎን ይጠይቁልኝ። ቲኬቱን አልቆረጥኩም፣ መልስዎን እየጠበቅሁ ነው።

ልጅዎ
ከሲልቨር ስፕሪንግ