ደብዳቤ ለልጄ፦ መጨበጫውን ለመንገደኛ ከመስጠቴ በፊት

አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከእንጦጦ በብስክሌት ስትመለሺ ትንሿ ጣትሽና የቀለበት ጣትሽ እንደሚደነዝዙ፣ ማታ ደግሞ መዳፍሽ እንደሚጠዘጥዝሽ ጽፈሽልኛል። «በጣም ለስላሳውን ጄል የመሪ መጨበጫ ላኪልኝ» ያልሽውን ግን አልልክም። ለስላሳ መጨበጫ ሱቅ ውስጥ በአውራ ጣት ሲጫኑት ደስ ይላል። ብስክሌቱ ላይ ክብደትሽ ሲያርፍበት ግን መዳፍሽ ይሰምጥበታል፣ ጄሉ ወደ ዳርና ዳር ይሸሻል፣ ከሥሩ ያለው ደረቅ ብረት ያገኝሻል። በዚያ ላይ እጅሽ ውስጥ ስለሚዋልል ሳታውቂው አጥብቀሽ ትጨብጪዋለሽ፤ ያኔ ከመዳፍሽ አልፎ ክንድሽም ይዝላል። ጫናው የሚቀንሰው እጅሽ የሚያርፍበት ቦታ ሲሰፋና የእጅሽ አንጓ ቀጥ ሲል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው በእጅሽ ያለውን አስተካክዪ፣ ከዚያ ለኪ፣ ከዚያ እገዛለሁ።

ትንሿ ጣት መሆኗን መጻፍሽ በጣም ጠቅሞኛል፤ ብዙ ሰው «እጄን ያመኛል» ብሎ ይተወዋልና። ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ቀለበት ጣት ግማሽ የሚሄደው አልናር የሚባለው ነርቭ ነው። በትንሿ ጣት በኩል፣ ከአንጓሽ ከፍ ብሎ ባለው የመዳፍሽ ጉብታ ሥር፣ በሁለት ትናንሽ አጥንቶች መካከል በጠባብ ቦይ ያልፋል። መሪው የሚጫነው ልክ እዚያ ላይ ነው። የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እነሱ የሚዲያን ነርቭ ናቸው፣ እሱ ደግሞ በአንጓው መሃል ስለሚያልፍ አንጓው ወደ ኋላ ሲታጠፍ ይታነቃል። ለዚያኛው መጨበጫ መቀየር ብዙም አይፈይድም፤ የፍሬኑን አቀማመጥ ማስተካከል ይበልጣል። ምንም ሳይደነዝዝ ክንድ ብቻ የሚዝል ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመጨበጫው ውፍረት ወይም የራቀ የፍሬን እጀታ ነው።

አሁን ወደ ላክሽው ፎቶ ልምጣ። የፍሬን እጀታዎቹ አግድም ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጎማ ለመለጠፍ ብስክሌቱን ሲገለብጡት በመሪው ስለሚቆም እጀታዎቹ ከቦታቸው ይዞራሉ፤ ማንም አይመልሳቸውም። እጀታው አግድም ሲሆን ጣትሽን ለመድረስ ታነሺዋለሽ፣ አንጓሽ ወደ ኋላ ይሰበራል፣ ክብደትሽ በሙሉ በዚያችው ጉብታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጠሽ ክንድሽንና ጣቶችሽን ቀጥ አድርጊ፤ እጀታው በዚያ መስመር ላይ መሆን አለበት፣ ከአግድሙ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ዝቅ ብሎ። ለእንጦጦ ቁልቁለት ወደ 30 ቢጠጋ ይሻላል፤ ቁልቁል ስትሄጂ ወደ ኋላ ስለምታፈገፍጊ ክንድሽ ይጋደማል። የማሰሪያውን ብሎን አላልተሽ አዙሪውና መልሰሽ እሰሪው፤ በራሱ እንዳይነቃነቅ አጥብቂው እንጂ አታንቂው፤ ስትወድቂ በትንሹ ዞር ማለት ካልቻለ ይሰበራል። እጀታውን ወደ መሃል ገፋ አድርገሽ የምትጎትቺው በአንድ ሌባ ጣት ብቻ፣ እሱም ጫፉ ላይ እንዲያርፍ አድርጊ። እጅሽ ትንሽ ነው። እጀታውን ወደ መሪው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን አብዛኛው ፍሬን ላይ አለች፤ የሌባ ጣትሽ የመጀመሪያው አንጓ በምቾት እስኪደርስ አቅርቢው። ካቀረብሽው በኋላ በሙሉ ኃይል ስትይዢው መጨበጫውን እንዳይነካ ግን ፈትሺ።

መቀመጫው አፍንጫው ወደ ታች ያዘነበለ ይመስላል። እንደዚያ ሲሆን ሁልጊዜ ወደ ፊት ትንሸራተቻለሽ፣ ራስሽንም በእጅሽ ትደግፊያለሽ። ስልክሽ ላይ ባለው ውሃ ልክ ለኪውና አስተካክዪው፤ 1 ወይም 2 ዲግሪ ቢያዘነብል ችግር የለውም።

ጎማውስ? የሰፈራችሁን ኮብልስቶን አውቀዋለሁ። ጎሚስታ ቤት «ሙላልኝ» ሲባል ጎማው እንደ ድንጋይ እስኪሆን ይሞላል፤ ያኔ እያንዳንዱ ድንጋይ በቀጥታ ወደ መዳፍሽ ይደርሳል። 60 ኪሎ ገደማ ለሆነ ሰው፣ 2.25 ኢንች ስፋት ላለውና ከመነዳሪ ላለው ጎማ፣ ፊት ከ26 እስከ 28 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)፣ ኋላ ከ28 እስከ 30 ይበቃል። ከ22 በታች ግን አታውርጂው፤ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ደግሞ ንዝረቱን የሚውጠው የፊቱ ሾክ ላይ ያለችው መቆለፊያ ተዘግታ እንዳይሆን እይ። ለአስፋልት ዳገት ዘግተሻት ረስተሻት ከሆነ ሾክ የሌለው ብስክሌት ነው የምትነጂው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ሁለት ጊዜ ንጂ። ግማሹ ሕመም በዚሁ ሊቀልልሽ ይችላል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ስለማይኖርሽ ቀጭን ወረቀት ቁረጪና አሁን ያለውን መጨበጫ የመሃል ጣትሽ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሚው፣ የተገናኘበትን ምልክት አድርጊ፣ ዘርግተሽ በማስመሪያ ለኪ። 94 ሚሊሜትር ከሆነ ውፍረቱ 30 ሚሜ ነው፤ 100 ከሆነ 32፤ 107 ከሆነ 34። ከዚያ ሁልጊዜ የምታደርጊውን ጓንት አድርገሽ ጨብጪው። የጣቶችሽ ጫፍ መዳፍሽን የሚወጋ ከሆነ ቀጥኗል። አውራ ጣትሽ የሌባ ጣትሽን ጥፍር መሸፈን ካቃተው ወፍሯል። በጓንት መለካቱን አትርሺ፤ ጄል የተሞላ ጓንት ራሱ ውፍረት ይጨምራል፣ ሲታጠፍ ደግሞ መዳፍሽ ውስጥ ተሸብሽቦ ሌላ ጉብታ ይሠራል። ስስ ጓንትና ትክክለኛ መጨበጫ ከወፍራም ጓንት ይሻላሉ ባይ ነኝ።

የመሪውንም ቱቦ ጫፉ ላይ ለኪልኝ። የተራራ ብስክሌት መሪ መጨበጫው የሚገባበት ቦታ 22.2 ሚሜ ነው፤ ወረቀቱ ወደ 70 ሚሜ ይደርሳል። 75 ገደማ ከመጣ የኮርስ ብስክሌት መሪ ነው፣ የተራራው መጨበጫ አይገባበትም። ርዝመቱም ከፍሬኑ ማሰሪያ እስከ ጫፍ ቢያንስ 135 ሚሜ ቀጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ማርሽሽ መጨበጫው ላይ የሚጠመዘዝ ዓይነት ከሆነ ንገሪኝ፤ ለሱ አጭር መጨበጫ ነው የሚያስፈልገው።

እዚህ ያሉትን ምርጫዎች ላስረዳሽ። ለአንቺ ሕመም የማስበው ባለ ክንፍ መጨበጫ ነው፤ ከውጪ በኩል ሰፋ ብሎ ያችን ጉብታ ከሥሯ የሚደግፍ። ኤርጎን የሚባለው የጀርመን ድርጅት ጂፒ1 የሚለው ክንፉ ሰፊ ነው፣ ለረጅም አስፋልት ግሩም ነው። ለእንጦጦ ግን አልመርጠውም፤ ቁልቁል ስትወርጂ እጅሽ መሪው ዙሪያ መንቀሳቀስ ይፈልጋል፣ ሰፊው ክንፍ ይከለክለዋል። የዚያው ድርጅት ጂኤ3 ክንፉ ትንሽ ነው፣ ለትንሽ እጅ የሚሆንም ልክ አለው። ልቤ ወደሱ ያደላል።

ሁለተኛው ምርጫ የሲሊኮን መጨበጫ ነው። ኢኤስአይ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው በ30፣ በ32 እና በ34 ሚሜ ይመጣል፣ የ32ቱ ጥንድ 60 ግራም ገደማ ነው። የኮብልስቶንን ንዝረት በመዋጥ የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ሲሊኮን ስለሆነ ይታመቃል እንጂ እንደ ጄል አይሸሽም። ክንፍ ግን የለውም፣ ብስክሌቱን የድንጋይ አጥር ላይ ካስደገፍሽው ደግሞ ይቀደዳል። አንቺ ደግሞ የትም ነው የምታስደግፊው።

ባለ ብሎን ክብ መጨበጫ የሚገኘው በብዛት ነው፣ አይዞርም፣ ለመፍታት ቀላል ነው። ሁለት ነገር ግን እወቂ። ከጎማው ሥር ደረቅ የፕላስቲክ ቱቦ ስላለው፣ ውፍረቱ እኩል ከሆነው ሲሊኮን ያነሰ ጎማ ነው የሚኖርሽ። ሁለተኛው ላንቺ ዋናው ነው፤ ከሁለቱም ጫፍ በብረት ቀለበት የሚታሰር ከሆነ የውጪኛው ቀለበት ልክ በሚያምሽ ቦታ ሥር ይውላል። ከውስጥ በኩል ብቻ አንድ ማሰሪያ ያለውን ነው የምትፈልጊው። ብሎን የሌላቸው ባለ ክንፍ ርካሽ ቅጂዎች መርካቶ ብታዪ አትግዢ፤ ክብደት ሲያርፍባቸው ክንፉ ወደ ታች ይዞራል፣ እጅሽም አብሮ።

አሮጌውን ለማውጣት ከፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮልና አንድ ሲሪንጅ ግዢ። መርፌውን በጎማውና በመሪው መካከል አስገብተሽ አልኮሉን ጨምሪና እያዞርሽ ሳቢው። የማትፈልጊው ከሆነ በምላጭ በቁመቱ መቅደድ ትችያለሽ፣ መሪው አሉሚኒየም ወይም ብረት ከሆነ ብቻ፤ ካርቦን ላይ ምላጭ አይጠጋም። መሪውን በዚያው አልኮል አጽጂው። ቤንዚን ወይም ላምባ እንዳታስነኪው፣ ጎማ ይበላሉ፣ ቅባታቸውም ይቀራል። የእጅ ማጽጃው ጄልም አይሆንም፤ ግሊሰሪን ስላለው መጨበጫው እንደተንሸራተተ ይቀራል። ሳሙናም እንደዚያው።

ሲሊኮኑን ከላክሁልሽ ውስጡን አልኮል ሙዪበት፣ መሪውንም አርጥቢ፣ በአንድ ትንፋሽ ግፊው። መሃል ላይ ከያዘብሽ በኃይል አትጎትቺው፣ ይቀደዳል፤ በሲሪንጁ እንደገና አርጥቢው። ከዚያ 24 ሰዓት አትንጂ። ባለ ብሎኑ ከሆነ ቀኝና ግራው ተጽፎበታል፣ ማሰሪያው ወደ ፍሬኑ በኩል ይሆናል። ማሰሪያው ላይ ስንት ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) እንደሚጠበቅ ተጽፏል፤ 5 ከሆነ ቁልፉን ከብሎኑ 10 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ይዘሽ 5 ኪሎ የማንሳት ያህል መግፋት ነው። ካጠበቅሽ በኋላ በሁለት እጅሽ አጥብቀሽ አዙሪው፤ ከዞረ አትንጂበት። የመሪውም ጫፍ በመክደኛ መዘጋት አለበት። ክፍት ቱቦ ስትወድቂ ሆድሽ ላይ እንደ ጦር ነው፣ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም።

ክንፉን ማስተካከል ላይ አትቸኩይ፣ ብዙ ሰው «አልጠቀመኝም» ብሎ የሚጥለው እዚህ ጋ ተሳስቶ ነው። ተቀምጠሽ አንጓሽን ቀጥ አድርጊና ክንፉ ከመዳፍሽ ሥር ያለውን ክፍተት እስኪሞላ አዙሪው። ክንፉ በጣም ወደ ላይ ከዞረ ራሱ ጉብታውን ይወጋዋል፣ ወደ ታች ከወረደ ድጋፉ ይጠፋና አንጓሽ እንደ ድሮው ይሰበራል። መሪውና መጨበጫው ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሪ፣ 15 ደቂቃ ንጂ፣ 2 ሚሊሜትር ብቻ አዙሪ፣ እንደገና ንጂ። ሁለቱም እጅ አንድ ዓይነት ማዕዘን ላይፈልግ ይችላል።

ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርጂ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች አንቀሽ አትያዢ፤ ያዝ ለቀቅ አድርጊ፣ ሜዳው ላይ እጅሽን እያወረድሽ አራግፊ።

አንድ ነገር ግን መጨበጫ አይፈታውም። ሳትነጂ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየሽ በኋላም ድንዛዜው ካልለቀቀ፣ ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገረሽ፣ ወይም በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ ጎን ቆንጥጠሽ የያዝሽውን ወረቀት ሌላ ሰው በቀላሉ ከነጠቀሽ፣ ብስክሌቱን አቁሚና የነርቭ ሐኪም ጋ ሂጂ። በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መካከል ያለው ሥጋ ከሌላኛው እጅ ጎድጎድ ብሎ ካየሽም እንደዚሁ። «ይለቀኛል» ብለሽ እንዳትጠብቂ።

መጨበጫውን ይዞልሽ የሚመጣው ሰው ቅዳሜ ይበራል፣ ሻንጣውን ዓርብ ነው የሚዘጋው። እስከ ረቡዕ ሦስቱን ቁጥሮች ጻፊልኝ፤ የመጨበጫውን ዙሪያ፣ የመሪውን ዙሪያ፣ ቀጥ ያለውን ርዝመት። የፍሬን እጀታውን ካዞርሽ በኋላ ከጎን ሌላ ፎቶ አንሺ፣ አንጓሽ እንዲታይ እጅጌሽን ሰብስበሽ።

እናትሽ