ነጭ ሽንኩርታችን ከነዘሩ ታሟል

ክቡር አዘጋጅ፣

በጅማ ዞን ደዶ ወረዳ ነጭ ሽንኩርት የማመርት ገበሬ ነኝ። ዘንድሮ ቅጠሉ በቢጫ መስመር ተዥጎርጉሮ፣ ተሸብሽቦ አገኘሁት። ስነቅለው ራሱ የአውራ ጣቴን ያህል እንኳ አይሞላም፤ ፍልቃቂውም ሦስት አራት ብቻ። ሦስት ኩንታል ስጠብቅ ለቤት ወጥ የሚሆን ሰበሰብኩ።

መጀመሪያ ማዳበሪያ ያነሰው መስሎኝ ዩሪያ ጨመርኩበት፤ ገንዘቤን በከንቱ በተንኩ። የግብርና ባለሙያዋ መጥታ ቅጠሉን ገልጣ ክሽክሽ የተባለውን ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ተባይ ስታሳየኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ቫይረስ ነው። ክሽክሹ ከታመመው መጥጦ ወደ ጤነኛው ያሻግረዋል። የባሰው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው በፍልቃቂው መሆኑ ነው፤ እናቲቱ ከታመመች ልጆቿም ይዘውት ይበቅላሉ። ፀረ ተባይ ብንረጭ ክሽክሹ ይሞት ይሆናል እንጂ ተክሉ ውስጥ የገባው አይወጣም። እኛ ደግሞ፣ ይህን ስጽፍ ያመኛል፣ ትልልቁን ለገበያ አውጥተን ደቃቃውን ለዘር እናስቀምጣለን። የታመመውን እየመረጥን ስንተክል ኖረናል ማለት ነው።

ከቫይረስ የጸዳ ዘር ከቡቃያው እምብርት ላይ ኢምንት ቁራጭ ተወስዶ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም በላቦራቶሪ ውስጥ በማሳደግ፣ ይባዛል። ጅማ የእርሻ ምርምር ማዕከልም፣ የግብርና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲም አላት። እንደ ፀደይ 92 ያለው ዝርያ በዚህ መንገድ ጸድቶ ከሰኔ በፊት በማኅበራችን በኩል ይድረሰን፤ በነፃ አላልንም፣ እንገዛለን።

እኔ ከዚያ ማሳ አንዲት ፍልቃቂ ለዘር አላስቀረሁም።

አንድ ገበሬ፣ ከደዶ