ከምጣድ ጥቀርሻ የተሠራ ጡንቻ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሞተር የለው፣ ሽቦ የለው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ የሚታጠፍ ስስ ፊልም አለ፤ ለስላሳ ሮቦት (ከብረት ሳይሆን ከሚተጣጠፍ ነገር የሚሠራ) የሚሠሩ ሰዎች እንደ ጡንቻ ይጠቀሙበታል። ይህን ሳወራ "የፈረንጅ ላብራቶሪ ነገር ነው" የሚለኝ ብዙ ነው። ኧረ አይደለም! ባለፈው ሳምንት ክፍላችን መስኮት ላይ ሠርተነዋል።

ከደብተር ላይ ጣት የምታህል ወረቀት ቆረጥን። በአንዱ ፊቷ ስኮች ፕላስተር ለጠፍን። በሌላው ፊቷ ደግሞ አንዲት ተማሪ ከእናቷ ምጣድ ሥር ፍቃ ያመጣችውን ጥቀርሻ በጣት አሸንበት (ክፍሉ ሁሉ እጁ ጠቁሮ ነው የወጣው)። ከዚያ ፀሐይ ላይ። ጥቁሩ ብርሃኑን ውጦ ይሞቃል፣ ወረቀቱ እርጥበቱ ሲተንበት ይሰበሰባል፣ ፕላስቲኩ ግን በሙቀቱ ይለጠጣል፤ አንዱ እያጠረ ሌላው እየረዘመ፣ ተጣብቀዋልና መላቀቅ የለም፣ ወደ ወረቀቱ በኩል መታጠፍ ግድ ይሆናል።

የመጀመሪያዋ እምቢ አለች። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ወይ ፍንክች። አንድ ልጅ ዝም ብሎ ወረቀቱን አዞረና በአግድሙ ቆረጠው፣ እሷ ጥቅልል አለች! ወረቀት ውስጥ የእንጨት ጭረቶች አሉ፤ እርጥበት ሲያጣ በጭረቶቹ ርዝመት ሳይሆን በአግድማቸው ነው ይበልጥ የሚሰበሰበው። ይህን እኔም አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት ከጦሳ ተራራ ጉም ወረደ። የተጠቀለለችው ቀስ እያለች ተዘረጋች፣ አልፋም ወደ ፕላስተሩ በኩል ጎበጥ አለች። "ቲቸር፣ ጉሙን አወቀችው!" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ሰፍቶ ነው።

በትልልቆቹ ላብራቶሪዎች በጥቀርሻ ፋንታ ካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን ቱቦ) ወይም ግራፊን (እጅግ ስስ ንጣፍ) ይቀባሉ። እነዚህም ካርቦን ናቸው። በሙቀት የማይሠራም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የጃፓን ተመራማሪዎች አዞቤንዚን የሚባል ሞለኪውል ያለበትን ፊልም በዓይን በማይታየው አልትራቫዮሌት ብርሃን አጥፈው፣ በሚታይ ብርሃን መልሰው ዘርግተዋል። እዚያ ቅርጹን የሚለውጠው ሞለኪውሉ ራሱ ነው። እሱን እኛ አንሠራውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው ሲሞቁ ይታጠፋሉ የሚለውን፣ ያውም ካውያ ከልክ በላይ እንዳይግል የሚያደርገውን ባይሜታል፣ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳልኩ ነው የማስተምረው። እውነተኛው ባይሜታል ቤተ ሙከራችን ውስጥ አለ። ቤተ ሙከራው ግን ተቆልፏል፣ ዕቃ ይጠፋል ተብሎ። ዕቃው አልጠፋም፤ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፣ ልጆቹ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይነኩት ፈተና ተፈትነው ይወጣሉ። ቁልፉን የያዛችሁ፣ እባካችሁ ክፈቱልን! የጠፋ ነገር ካለ በፊርማዬ እጠየቃለሁ።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ለምትማሩ የምህንድስና ልጆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቼ "ስንት ዲግሪ ስትደርስ ነው የምትታጠፈው?" ብለው ይዘውኛል። ሳይነካ ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ብቅ በሉ። ጥቀርሻና ስኮቹ በእኛ ነው፣ ፀሐይ ያለበት ቀን ብቻ ምረጡ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ