ጦሳ ላይ ማን ሞቶ ነው?

ደሴ፣ ኅዳር

ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። አባትሽ ትንሽ ጉልበቱን አሞታል። ለምን እንዳመመው ወደ ታች ስትደርሺ ታገኚዋለሽ።

ጫማው ደርሶኛል። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። "ይሄ የእናት ነው የወታደር?" ብዬ ለአባትሽ አሳየሁት። አብሮ የመጣውን ገንዘብማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለቆርቆሮ አስቤው ነበር። የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮም ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ነው የከረመው። አንቺ ግን "ለቤት አንድ ብር እንዳታወጪ፤ ተዝናኑበት፤ ሃይኪንግ ውጡ" ብለሽ በስልክ አስማልሽኝ። መሐላ ደግሞ እፈራለሁ።

ከተመለስን በኋላ ስትደውዪ "ጥሩ ነበር" ብዬ ብቻ ዘጋሁት። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ፤ እኔም ወጥ ጥጄ ነበር። ዛሬ ግን ቤቱ ጭር ብሏል፤ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ሃይኪንግ የምትሉትን ነገር ብዙ አሰብኩበት። እኔ በእግሬ ያልሄድኩበት ዘመን የለም። ውሃ ልቀዳ፣ ወፍጮ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ለቅሶ፣ ሰርግ። አንዴም ከእናቴ ጋር ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጥቻለሁ፤ ስለት ነበረባት። መስቀል የመሰለውን አምባ ስንወጣ ተረከዜ ተልጦ አለቀስኩ። "ስለቱ የኔ ነው፤ እንባው ያንቺ ሆነ?" ብላኝ መንገዷን ቀጠለች። እና ሁሌም መንገዱ ጫፍ ላይ አንድ ጉዳይ ይጠብቀኛል። ያለ ጉዳይ መሄድን አላውቀውም ነበር።

ለመለማመጃ ከጦሳ ተራራ ጀመርን፤ እኔ፣ አባትሽና ጎረቤታችን እታለም። (እታለምን ያለሷ የትም እንደማልሄድ ታውቂያለሽ። እሷም ለባሏ "ልጅቱ ለሁለታችንም ነው የከፈለችው" ብላ ነግራዋለች፤ እንዳታጋልጪያት።) ደሴ ስኖር 38 ዓመቴ ነው። ጦሳን በየቀኑ ሳየው ኖሬያለሁ። ጉም ሲለብስ ልብስ አላጥብም፤ ሲገልጥ አጥቤ አሰጣለሁ። ለኔ ጦሳ የአየር ጠባይ መንገሪያ እንጂ የሚወጡት ነገር አልነበረም።

ግማሽ ላይ ስንደርስ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ አገኘናቸው። አንዷ አየችን፤ ሁለት ነጠላ የለበሱ ትልልቅ ሴቶች፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሁሉም በጠዋት ሽቅብ። ደነገጠች።

"እናቶቼ፣ ምነው? ላይ ማን ሞቶ ነው?"

"ኧረ ማንም አልሞተ" አልኳት።

"ታዲያ ምን ልትሆኑ ነው?"

"ደሴን ልናይ።"

"ደሴማ ታች አለችላችሁ!"

እታለም መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። "ወላሂ እውነቷን ነው፤ ጥለናት መጥተን!" አለች። ሴትዮዋም ከነሸክሟ ሳቀች። እኔ ግን ትንሽ አፈርኩ። የሷ ጀርባ ላይ ያለውን ሸክም አየሁና እግሬን ተመለከትኩ። ጫማዬ አዲስ ነው፤ እጄ ላይ የውሃ ጠርሙስ ብቻ። እሷ እዚህ መንገድ ላይ ያለችው ወዳ አይደለም። እኔ ለመድከም ገንዘብ ተልኮልኝ ነው የመጣሁት።

ላዩ ላይ ገብስ ታጭዷል። ሜዳ ነው፤ አገር ነው። ከታች ሲያዩት የቢላ ስለት የመሰለው ተራራ ጀርባው ላይ እርሻ ይዟል። ጉሙ ቀስ እያለ ሲነሳ ደሴ ብቅ አለች፤ ከወዲህ ጦሳ፣ ከወዲያ አዝዋ ገደል፣ መሐሏን ቦርከና ሰንጥቋት። እንዴት ጠባብ ናት! መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ነው የቆሙት። አባትሽ እጁን እየቀሰረ ሰፈር ሲቆጥር እኔ ቤታችንን ፈለግኩ። አገኘሁት። በምን መሰለሽ? በዝገቱ። የጓዳው ጣሪያ ከሰፈሩ ሁሉ ለይቶ ቀልቷል። ከጦሳ ይታያል ልጄ!

በማግስቱ ከተማውን ዞርን። "ባህልም ጨምሩበት" ብለሽ የለ። የምኖርበትን ከተማ እንደ እንግዳ መዞር መጀመሪያ ላይ ሞኝነት መሰለኝ፤ በተለይ አይጠየፍ አዳራሽ በር ላይ የማውቃት ሴት አይታኝ "ምን ጠፋብሽ?" ስትለኝ። አባትሽ ግን የማስተማር አመሉ ተነሳበት። አዳራሹን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ እንደነበር፣ በ1870 ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ክርስትና እንደተነሱ፣ በ1906 የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው እንደነገሡ፣ ያለ ወረቀት ወረደው። አይጠየፍም ማንም ሳይጠየፍ ተቀምጦ የሚበላበት ግብር ቤት ማለት ነው አለን። እታለም "ስሙን ላወጣው ሰው አላህ ይዘንለት" አለች። ከዚያ ደግሞ ኅዳር 1928 ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ጃንሆይ ራሳቸው እዚሁ ከተማ እንደነበሩ ተረከልን። የደሴን ሙዚየም ብዙ አላነሳልሽም። በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉን ታውቂያለሽ። አንቺ ከትምህርት ቤት ጎብኝተሽ መጥተሽ ማታውን ሁሉ ስታወሪልኝ የነበረው ትዝ አለኝና ሆዴን ባር ባር አለው።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ለቁርስ ደረስን። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። አባትሽ ብቻውን ገባ። እኔና እታለም ውሃው ዳር ተቀመጥን። "አየሽ" አለችኝ፣ "እኔ ሙስሊም፣ አንቺ ክርስቲያን፤ ገዳሙ ለሁለታችንም እኩል ተዘግቷል።" ተሳስቀን ሞትን። የተጠበሰ ቆሮሶ አዝዘን አባትሽን ሳንጠብቅ በላን። ሲወጣ ፊቱ በርቷል፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስላስተማሩበት ቦታ፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተምረው ስለወጡበት ሊነግረን ጀመረ። ከዚያ ባዶውን የዓሣ ሳህን አየና ዝም አለ።

ወደ ላሊበላ ከመነሳታችን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮቹን ጠየቅን። አንቺም ስትመጪ መጀመሪያ እሱን ጠይቂ። በውጫሌ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳ አድርገን ወልድያ ገባን። ውጫሌ ላይ አባትሽ "1881! የውጫሌ ውል! አንቀጽ 17!" ብሎ የተኛውን ተሳፋሪ ሁሉ ቀሰቀሰው። ከወልድያ በኋላ ያለው ዳገት ልብ ያስጨንቃል፤ እታለም እስክንወጣው ድረስ ከንፈሯ ዝም አላለም፤ ስትቀራ ነበር። ጋሸና ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሹራብ!

ላሊበላን ከዚህ በፊት አንዴ ለገና አይቻታለሁ። ያኔ ያየሁት ሕዝብ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። አሁን ጭር ባለበት ጊዜ አሥራ አንዱንም በሁለት ቀን ቀስ ብለን አየናቸው። አንቺ በላክሽው ፕሮግራም ላይ "ላሊበላ ግማሽ ቀን" ይላል። ሰርዢው። ግማሽ ቀንማ ጫማ በማውለቅና በማድረግ ብቻ ያልቃል። እግረ መንገዴን ደግሞ ወፍራም ካልሲ ያዢ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ግን አለ።

ከሁሉም ቤተ ጊዮርጊስ ነው ልቤን የወሰደው። ሌላ ቤት ስትሄጂ ደጃፉን ነው መጀመሪያ የምታዪው። እዚህ ግን መሬት ለመሬት ስትራመጂ ድንገት እግርሽ ሥር ጣሪያ ታገኚያለሽ። አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጸ ሦስት መስቀል ያለበት ጣሪያ። ከላይ ወደ ታች ነዋ የተፈለፈለው። የሚጠርበው ሰው ስቶ ቢመታ መልሶ የሚለጥፍበት ነገር የለውም። አባትሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ብዙ አየና፣ "ቆርቆሮ የለው፣ ምስማር የለው፤ ያንቺን ጓዳ ይሄ ሰው ቢሠራልሽ" አለኝ። ሌሎቹን ግን ዝናቡ ጎድቷቸው አንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ መጠለያ ተተክሎባቸዋል። ጣሪያ የሚያስጨንቀው እኔን ብቻ አለመሆኑን ሳይ፣ ክፉ ሆኜ አይደለም፣ ቀለል አለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣን። ጤፉ፣ ማሩ፣ አሞሌው፣ የበጉ ጩኸት። እታለም በማር ዋጋ ተከራክራ ተከራክራ ሳትገዛ ተመለሰች። ለሷ ይሄም ጉብኝት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አረፍን፤ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አሸተን ማርያም ጀመርን። ከተማው ራሱ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አሸተን ከ3,000 በላይ ናት። ከበላይዋ ደግሞ አቡነ ዮሴፍ አለ፤ እሱ ከ4,200 ያልፋል። እዚያስ አልሄድንም፤ አንቺና ጓደኞችሽ ሂዱ፤ ቀይ ቀበሮና ጅብራ የምታዩት እዚያ ነው። አባትሽ በቅሎ ተከራየ። እኔና እታለም እምቢ አልን። ሌላ ባለበቅሎ ግን ክፍያው እንዳይቀርበት ነው መሰለኝ በቅሎዋን እስከ ግማሽ ድረስ ከኋላችን እየጎተተ "ይደክማችኋል፣ ይደክማችኋል" ሲል ወጣ። አልተሳሳተም። አሥር እርምጃ እንሄዳለን፣ እንቆማለን፣ አገር የምናይ እንመስላለን። ትንፋሽ የምንሰበስብ ነን።

ዳገቱ ልብን ነው፤ ቁልቁለቱ ጉልበትን። ይሄንን አባትሽ አላመነኝም። በበቅሎ ወጥቶ፣ ስንወርድ ኩራት ያዘውና "በእግሬ ነው" አለ። ጉልበቱ ያኔ ነው የሄደው። ሽማግሌ ሲኮራ በቅሎ ትስቃለች። እኔም ብሆን የእግሬን ጥፍር ሳልቆርጥ ወጥቼ ሁለቱ አውራ ጣቶቼ ጠቁረዋል። አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይመረቅም፤ ይሄን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

መጨረሻው ላይ መንገዱ ዓለቱ ውስጥ ይገባል። ጠባብ ስንጥቅ ነው፤ በደረጃ ትወጪያለሽ፤ ከዚያ ደጃፉ ነው። ቄሱ መስቀል አውጥተው አሳዩን፤ ተሳለምኩ። እታለም ውጪ ጠበቀችኝ። ገደሉ ሥር ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ፤ እንደ ጉልት ሴቶች ቁጭ ብለው፣ እያወሩ የሚመስሉ። ላሊበላ ታች ናት። ቤተ ክርስቲያኖቹ አይታዩም፤ መሬት ውስጥ ናቸው። ያ ሁሉ ዝና፣ ከላይ ሲያዩት ነጫጭ መጠለያና ቆርቆሮ ብቻ።

ያቺ የጦሳዋ ሴት ትዝ አለችኝ። "ምን ልትሆኑ ነው?" እዚህ የሚጠብቀኝ ለቅሶ የለም። ስለትም የለብኝም። የተሳልኩት ጓዳ ውስጥ ላለው ጣሪያ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እጄ የሚይዘው አጥቶ ተቸገረ። ነጠላዬን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ። ቀስ በቀስ እጄም ዝም አለ። መቼ ነው እንደዚያ የተቀመጥኩት ብዬ ባስብ አላገኘሁም። አንቺን ወልጄ የታረስኩ ጊዜ ይሆን? ያኔም አንቺ እጄ ላይ ነበርሽ።

ስንነሳ ግን ባዶ እጄን መውረድ አልሆነልኝም። መንገዱ ዳር ጦስኝ ነበር፤ በነጠላዬ ጫፍ ለቀም ለቀም አደረግኩ። እታለም "በቃ፣ ጉዳይ አገኘሽ!" አለችኝ። ፖስታው ውስጥ ያለው ደረቅ ቅጠል እሱ ነው፤ እንዳትጥዪው። ሻይ ላይ አድርጊው።

ማታ አንድ ባለማሲንቆ እኛ ጋ መጥቶ ቆመ። ማን እንደነገረው አላውቅም፣ እኔን እያየ፦

አሸተንን ወጣች ከነሽበቷ እቴ፣
እኔ ከታች ቀረሁ ከነሙሉ ጉልበቴ።

አባትሽ "ጉልበት" ሲባል ጉልበቱን ያዘ። ከላክሽው ገንዘብ መዝናኛ ላይ የዋለውን ብር በትክክል ማወቅ ከፈለግሽ፣ ሃምሳው ብር ያኔ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል።

ጥር ላይ ከጓደኞችሽ ጋር ትመጫለሽ ብያለሁ። በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጃለሁ። መጀመሪያ ጦሳን ትወጣላችሁ፤ እኔ ነኝ የምመራችሁ። ቤታችንን ግን በዝገቱ አታገኚውም። ከጉዞው የተረፈ ገንዘብ ነበር፤ ተዝናንቼ የተረፈ እንጂ ለቤት ያወጣሁት አይደለም፤ ስለዚህ መሐላዬን አላፈረስኩም። ቆርቆሮው ትናንት ተመትቷል።

ሌላም ነገር አለ። ቡና ላይ የምንገናኘው ሴቶች ሰምተው ቅዳሜ ጦሳ ካልወሰድሽን ብለውኛል። እታለም ጫማውን ከአሁኑ ወስዳዋለች፤ ለሷ በካልሲ ልክክ ይላል። ለኔ ሸራ ጫማዋን ሰጥታኛለች። ቁጥሯ 38 ነው፣ ካሰብሽ ብዬ ነው።

እናትሽ