የምስጋና መልእክት ከፍኖተ ሰላም

ለልጃችን መምህራን፣ ለጎረቤቶቻችንና ለዘመዶቻችን በሙሉ፦ እግዜር ይስጥልን።

ልጃችን የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን አልፋለች። ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብላችሁናል፤ ነገር ግን ደስታው የእናንተም ነውና ማን ምን እንዳደረገልን ሰው ይወቅልን።

በጸጥታው ችግር ትምህርት ተቋርጦ ልጆቻችን ቤት መዋላቸውን ታውቃላችሁ። ኢንተርኔት ሲመለስ ደግሞ ልጅቷ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያሉ እኩዮቿን በቲክቶክ እያየች «እነሱ ሄዱ፣ እኔ ቀረሁ» ማለት አበዛች። ትምህርት ቤት ተከፍቶም ልቧ ደብተሩ ላይ አልነበረም። ማታ ማታ ጓደኞቿ በቴሌግራም የሚያወሩት እንዳያመልጣት ትነቃለች፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። አባቷ ስልኩን ሊሰብረው ምንም አልቀረው።

ያዳናት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። «አክስቴ፣ ስልኩን ከእሷ ብቻ ብትቀሚ ፍርሃቷ ይብሳል፤ ሌሎቹ ያወራሉ፣ እሷ ትቀራለች» አለኝ። እውነቱን ነው። የሰፈር እናቶች ቡና ላይ ተመካክረን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የሁሉም ልጆች ስልክ እንዲሰበሰብ ተስማማን። የሚጽፍ ሰው ከሌለ ምን ያመልጣታል? እናንተ እናቶች፣ ከልጆቻችሁ ኩርፊያ ጋር ያ ሁሉ ምሽት ስለታገላችሁ ክበሩልኝ።

የእህቴ ልጅ፣ አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጻፈውንም ነግሮኛል። «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከሁሉም በላይ የሚመጣው ሰው ሠርቶ ሲሳካለት ነው ይላል፤ እኩያ ጓደኛ ሲችል ማየትና የሚታመን ሰው ማበረታቻም ያግዛሉ። እኔ ግን ይህን ያየሁት በሒሳብ መምህሯ እጅ ነው። የእኩልታ ጥያቄ ስትስት ደብተሯ ላይ ኤክስ አያደርጉም። ልክ እስከሆነችበት መስመር ድረስ በቀይ እስክሪብቶ አስምረው «እስከዚህ ጎበዝ፤ ከዚህ ቀጥይ» ብለው ይጽፋሉ። ቀዩ መስመር በየሳምንቱ ወደ ታች ሲወርድ እኔም አየሁ፣ እሷም አየች። ኋላማ ማንም ሳይቀሰቅሳት ሌሊት ተነስታ ማጥናት ጀመረች። የኔታ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን።

አምና ተፈትና ያለፈችው የጎረቤታችን ልጅም ቅዳሜ ቅዳሜ አብራት እያጠናች «እኔም እንደ አንቺ ፈርቼ ነበር» ትላት ነበር። ከእኔ ምክር ሁሉ የእሷ ቃል ይበልጥ ነበር፣ ብዙም ባይዋጥልኝ። በፈተናው ጠዋት እጇ ሲንቀጠቀጥ አይተው «መጀመሪያ ውኃ ጠጪ፣ ከዚያ የምታውቂውን አስቀድሚ» ያሏት የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አባትም ውለታቸውን ፈጣሪ ይክፈላቸው።

ታናሽ ወንድሟ በመጪው መስከረም 7ኛ ክፍል ይገባል፤ ስልክም ከአሁኑ መጠየቅ ጀምሯል። ጎረቤቶቼ፣ ገና አላረፋችሁም።